ባሕር ዳር ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንትስ ሰዓት ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ አየር ጤና አካባቢ ነው። እናቴ ባሕር ዳር ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው 71 ነው። ጉልበታቸውን ክፉኛ ስለሚያማቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ላመጣቸው አስቤአለሁ። በመኪና ይምጡ ወይስ በአውሮፕላን የሚለውን ለመወሰን መጀመሪያ ርቀቱን ልወቅ ብል ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አገኘሁ። ስልኬ ላይ ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ መስመር ሳገናኝ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል፤ መናኸሪያ የጠየቅሁት ሹፌር 484 ነው አለኝ፤ በዜና ሁልጊዜ የምሰማው ደግሞ 565 ነው። የትኛው ነው ትክክል? በአውሮፕላንስ አንድ ሰዓት ነው ይሉኛል፤ በቅርቡ የሄደ ጓደኛዬ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ ይላል። ይህስ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመን ለእናትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው እንላለን። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ግራ ያጋባዎት እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚለካ ማንም ሳይነግርዎ መቅረቱ ነው። 320 ኪሎ ሜትር የሚለው ከከተማ መሐል እስከ ከተማ መሐል በቀጥታ የሚለካ፣ ተራራውንም ሸለቆውንም ከቁጥር የማያስገባ የአየር ርቀት ነው። 484 የሚለው ደጀንን እንዳለፈ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ በብቸና፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ርዝመት ነው። 565 ደግሞ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሚያልፈው የቆየው ዋና መንገድ ነው፤ በዜና የሚጠቀሰውም ይኸው ነው።

ርቀቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠርም ማወቅ አይከፋም። በልማድ የመንገዶቻችን መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው ፒያሳ ነው፤ ዛሬ የዓድዋ ድል መታሰቢያ የቆመበት ሥፍራ ግንባታው በተጀመረበት ጊዜ «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ» እየተባለ ይጠራ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ቤት ሲሆን 565ም ሆነ 484 የሚለው ላይ ከተማውን አቋርጦ አየር ጤና የሚያደርሰው መንገድ ይጨመርበታል። በኪሎ ሜትር ጥቂት ነው፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከሱሉልታ በኩል የገባ ሰው ግን የሚወስደው ጊዜ ጥቂት እንዳልሆነ ያውቀዋል።

ከደጀን በኋላ መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው በጮቄ ተራራ ምክንያት ነው። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጮቄ ምሥራቅ ጎጃምን መሐል ለመሐል ይዞ ስለተቀመጠ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው በአንዱ ጎኑ መዞር ግዴታው ነው። የደብረ ማርቆሱ መንገድ በደቡብና በምዕራብ በኩል ሰፋ አድርጎ ይዞረዋል፤ የሞጣው ደግሞ በምሥራቅ ጎኑ ጠጋ ብሎ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የ80 ኪሎ ሜትር ያህል ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። ሹፌሮች አጭሩን ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ ሆኖም ሕመምተኛ ይዤ ብሄድ እኔ የምመርጠው ረጅሙን ነው፤ ምክንያቱም በየመሐሉ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና እንጅባራን የመሳሰሉ፣ ሆስፒታልና ደኅና ማረፊያ ያላቸው ከተሞች ይገኙበታል።

ከሁለቱም መንገዶች የማይቀረው የአባይ በረሃ ነው። ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ ማሰብ ምን ያህል እንደሚያሳስት በዚህ መስመር ላይ ከአባይ በረሃ በተሻለ የሚያስረዳ ሥፍራ ስለሌለ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በቀጥታ መስመር ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመንገድ ግን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል ተመልሶ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣ አውቶቡስ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ አስበልቶ ሲነሣ ረዳቱ ዞሮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመታ ያያል። ቁልቁለቱ ሲጀመር ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኖ የወረደ መኪና ፍሬኑ ግሎ እንደሚከዳው የማያውቅ የዚያ መስመር ሹፌር የለም። ከፊት ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ ካለ ኩርባው እስኪያሳይ ድረስ ከኋላው መሳብ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ተከናንበው የነበሩ እናቶች በየኩርባው ጋቢያቸውን ዝቅ ዝቅ ያደርጋሉ፤ መስኮት ይከፈታል፤ ድልድዩ ጋ ሲደረስ የቆላው ሙቀት ፊት ላይ ይመጣል። ከዚያ አቀበቱ ይጀመርና ደጀን ሲደረስ መስኮቱ ተመልሶ ይዘጋል። 40 ኪሎ ሜትር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚህ ግን አንድ ሰዓት፣ ተሳቢ የበዛ ዕለት አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን ከአሮጌው ድልድይ ጎን ቆሟል፤ በዚያው ድጋፍ የበረሃው መንገድም ታድሶ ነበር። ከዚህ የተነሣ ጉዞው ከቀድሞው ቀልሏል። የበረሃው አፈር ግን የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፤ በተለይ ክረምት ላይ ሹፌሩ በአንድ ወገን ብቻ እየተጠበቀ የሚታለፍ ቦታ ሊያጋጥመው ይችላል።

በሰዓት ስናሰላው በደኅና ጊዜ፣ በራስ መኪና ወይም በኮንትራት፣ ለምሳና ለዕረፍት የሚቆመውን ጨምሮ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል። በአውቶቡስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት መያዝ ይገባል። 565ን ለ11 ብናካፍለው በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አውቶቡሱ ዘገምተኛ ሆኖ አይደለም፤ ሜዳው ላይ 80 ሲሄድ ያዩታል። ነገር ግን እንጦጦን መውጣቱ፣ አባይን መውረዱና መውጣቱ፣ በየከተማው ባጃጁን፣ ጋሪውንና የገበያ ቀን ሰውን እያሳለፉ መሄዱ፣ ኬላው፣ ቁርሱና ምሳው ሁሉ አማካዩን ወደታች ይጎትቱታል። ለዚህም ነው ተሳፋሪ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰብስቦ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ለመድረስ የሚጥረው።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ እንምጣ። አውሮፕላኑ የሚነሣውና የሚያርፈው ከከተማ መሐል ስላልሆነ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት ወደ 333 ኪሎ ሜትር ነው። በሀገር ውስጥ መስመር ላይ በብዛት የምናየው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በዚህ ስሌት ግማሽ ሰዓት ብቻ ሊበቃው ይገባ ነበር። ይሁንና በአጭር መስመር ላይ አውሮፕላን በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች በአመዛኙ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ስለሆኑና አውሮፕላን የሚነሣው ነፋሱን ወደ ፊቱ አድርጎ ስለሆነ፣ ባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ ብትሆንም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ተነሥቶ ከዚያ ይዞራል። ከፍታውን ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ጥቂት እንደሄደም መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ አየር ላይ የሚቆየው 45 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በሩ ከተዘጋበት እስከሚከፈትበት ያለው ሲታሰብ ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። በዚያች 45 ደቂቃ ውስጥ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ በመስኮት በኩል የአባይ በረሃ እንደ ተሰነጠቀ መሬት ሆኖ ይታይና ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልፋል። አንድ ሰዓት ተኩል በኩርባ ሲታገሉ የዋሉበት ያው በረሃ ነው።

ታዲያ ጓደኛዎ ግማሽ ቀን የፈጀባቸው ለምንድን ነው? አንድ ሰዓት የሚለው ከበር እስከ በር ያለውን ጉዞ ስለማይጨምር ነው። የእናትዎን ጉዞ ከባሕር ዳር ቤታቸው ጀምረን እናስበው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተምዕራብ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ በታክሲ ወይም በባጃጅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል፤ ከውጭ በር ጀምሮ ያለው ፍተሻ ሰልፍ አለው። በረራው አንድ ሰዓት ነው። ቦሌ ላይ ወርዶ ሻንጣ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ይያዝ። ከቦሌ አየር ጤና መንገዱ ክፍት ከሆነ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጠዋትና ማታ ግን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ነው። ሲደመር ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚያተርፍልዎት ከራስ መኪና ጋር ሲነጻጸር ከ3 እስከ 5፣ ከአውቶቡስ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያህል ነው፤ አንዳንድ ሰው እንደሚያስበው 9 እና 10 ሰዓት አይደለም።

ይህን የማነሣው ራሴ ተሳስቼ ሰው ስላንገላታሁ ነው። ከዓመታት በፊት አክስቴን ወደ ባሕር ዳር ስሸኝ «አንድ ሰዓት ብቻ ነው» ብዬ ስለነገርኳቸው ቁርስ ሳይቀምሱ፣ የስኳር መድኃኒታቸውን ሻንጣ ውስጥ አድርገው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ወጡ። ሻንጣው ከሥር ተጫነ፤ በረራው ትንሽ ዘገየ፤ ባሕር ዳር ቤት ገብተው እንጀራ ሲቀርብላቸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። በስልክ ድምፃቸውን ስሰማ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው ከበር እስከ በር ያለውን ሰዓት ነው። እናትዎ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳቸው ይያዙት፤ ከቤት ሲወጡም የሆነ ነገር ይቅመሱ።

ለእናትዎ እንግዲህ፣ አቅምዎ ከፈቀደ፣ ያለ ማመንታት አውሮፕላኑን እመርጥላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ሰዓቱ ራሱ አይደለም፤ የሰዓቱ ዓይነት ነው። በመኪና 10 ሰዓት ሙሉ ጉልበት ታጥፎ መቀመጥ ነው፤ በአውሮፕላኑ ታጥፎ የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን በቀረው ጊዜ ቆም፣ ዘርጋ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያነሣው፣ አሮጊቶች ደግሞ ለልጆቻቸው ለመናገር የሚያፍሩበት ነገር ነው፤ መንገድ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች መጸዳጃ ቤት አብዛኛው መቀመጫ የሌለው፣ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ይህ ደግሞ ለአዛውንት ሌላ ጉዳት ነው። በመኪና መምጣታቸው ግድ ከሆነ ጉዞውን ለሁለት ከፍለው ደብረ ማርቆስ ላይ ማደር አለባቸው፤ መኝታ ሲይዙም መቀመጫ ያለው መጸዳጃ እንዳለ አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ። በአውሮፕላን ከሆነ ትኬቱን ሲቆርጡ ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚያስፈልጋቸው ያስመዝግቡ። አውሮፕላኑ ላይ ለመውጣት ደረጃ አለ፤ ደረጃ መውጣት ይችሉ አይችሉ እንደሆነም አብረው ይንገሩ።

ከፍታው ይጎዳቸው ይሆን ብለው ሰግተው ከሆነ፣ በተለመደው በረራ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ግፊት ከ2,400 ሜትር ያህል ከፍታ እንዳይበልጥ ተደርጎ ይያዛል፤ ይህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። እንዲያውም ጆሮ ይበልጥ የሚደፈነው አባይ በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አያንቀሳቅሷቸው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶቹ በተለያየ ጊዜ ተዘግተዋል፤ በነሐሴ 2015 ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው በረራም ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ከአባይ ወዲህ ባለው መስመርም በ2016 ዓ.ም. ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተሳፋሪዎች ከአውቶቡስ ላይ ወርደው መታገታቸው ይታወሳል። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ከመቁረጥዎ በፊት በዚያው ሳምንት መስመሩን የተመላለሰ ሹፌር ፈልገው ይጠይቁ። መንገድ በተዘጋበት ዕለት 484ም 565ም ትርጉም የላቸውም። በምንም ምክንያት ቢሆን ደግሞ በሌሊት አይጓዙ፤ አመሻሽ ላይ የደረሱበት ከተማ ማደር ከአባይ በረሃ ጨለማና ጭጋግ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት እኛ የምንቆጥረው አይደለም። 07:00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ 13:40 የሚለው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ነው፤ የቀን በረራ ከሆነ 6 መቀነስ ብቻ ነው። ከዚያ የቀደመ፣ ለምሳሌ 05:30 ከሆነ፣ 6 ይደመርበትና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እናትዎ ብቻቸውን የሚጓዙ ከሆነ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው። «7» የሚል ቁጥር አይተው ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱ፣ አውሮፕላኑ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሄደባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የምሄደው ፍኖተ ሰላም ነው። በአውሮፕላን ባሕር ዳር ወርጄ በመኪና ወደ ኋላ ብመለስ ይሻለኛል ወይስ በቀጥታ በመኪና ልሂድ?

መልስ፦ ፍኖተ ሰላም በዋናው መንገድ ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከባሕር ዳር ደግሞ ወደ 178 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመኪና በቀጥታ ቢሄዱ 7 ሰዓት ያህል ይወስድብዎታል። በአውሮፕላን ከሆነ ከላይ እንዳሰላነው ባሕር ዳር መናኸሪያ እስኪደርሱ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ መኪናው እስኪሞላ መጠበቁንና መንገዱን ጨምሮ ሌላ 3 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ለበረራው የሚከፍሉት ገንዘብ ጊዜ አይገዛልዎትም፤ የሚያስቀርልዎት የአባይን በረሃ ብቻ ነው። አባይን ለመሸሽ የሚያስገድድ ምክንያት ከሌለዎት በመኪና ይሂዱ። መዳረሻዎ እንጅባራ ቢሆን ግን፣ ከአዲስ አበባ ወደ 447፣ ከባሕር ዳር 118 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ማትረፍ ይጀምራል፤ ዳንግላና መራዊ ለሚሄድማ አያጠያይቅም። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳርም ብዙ ያልተለየ ርቀት ላይ ስለምትገኝ ባሕር ዳር ላይ ወርዶ መመለስ ጊዜንም ገንዘብንም ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እኖራለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስመለስ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያርፍና ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምንድን ነው? ከአዲስ አበባ በዚያው ዕለት ወደ ባሕር ዳር መቀጠልስ እችላለሁ?

መልስ፦ በአየር ያለው ርቀት ሲመጡም ሲመለሱም ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ነፋስ ነው፤ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ በተለይ በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ስላለ ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ከፊት ይቋቋማል። ሁለተኛው የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። በመሆኑም አውሮፕላኑ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ይዞ መነሣት አይችልም፤ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ ይሞላል። ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውሮፕላን ከዚሁ ማኮብኮቢያ ቢነሣም የሚይዘው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ ይህ አያስቸግረውም።

በዚያው ዕለት መቀጠል ይችላሉ፤ ከዋሽንግተን የሚነሣው በረራ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ የሚደርሰው ጠዋት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ያለውን የሀገር ውስጥ በረራ ቢይዙ ይስማማዎታል። በሁለቱ መካከል ከ3 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይተው። የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ፣ ሻንጣ መጠበቁና ጉምሩኩ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያም ወደ ሀገር ውስጥ ተርሚናሉ ዞረው እንደገና መፈተሽ አለብዎት። ሻንጣዎን ቦሌ ላይ ወስደው መልሰው የሚያስመዝግቡት መሆን አለመሆኑን ዋሽንግተን ላይ ሲሳፈሩ ይጠይቁ፤ የሀገር ውስጡ የሻንጣ ክብደት ልክ ከውጭው ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ለሁለቱም በረራዎች ትኬቱን በአንድ ላይ ቢቆርጡ ይሻላል። ባሕር ዳር የሚጠብቅዎትን ሰው ደግሞ የሚደርሱበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይንገሩት።